ኦንታሪዮ መምህር ትፈልጋለች፤ የእኛዎቹ መምህራንስ?

በፌብሩዋሪ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ቶሮንቶ በረዶ ለብሳ በዋለችበት አንድ ቀን፣ የቆዩ ወዳጃችን ልጃቸውን ይዘው ወደ መምህራን ጆብ ፌር ሲሄዱ አብረን ሄድን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እንደ ሁልጊዜው ጋሼ እያልን እንቀጥላለን። ጋሼ በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ከዚያ በፊት በአገር ቤት ለ14 ዓመታት ፊዚክስ አስተምረዋል። ልጃቸው ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ፣ የመምህርነት ሥልጠናውን ሊጨርስ ጥቂት ወራት የቀሩት ወጣት ነው።

እውነቱን ለመናገር የሄድነው ልጁን ለማጽናናት ነበር። ያለፈውን አንረሳማ! በ2013 የጋሼ ትልቋ ልጅ ስትመረቅም እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብተን ነበር። ሰልፉ የደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ይመስል ነበር። በትምህርት ቦርዶቹ ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶና ከረሜላ ሞልቷል፤ ሥራ ግን የለም። የምር ሊቀጥሩ የመጡት ከለንደን የተላኩ ኤጀንሲዎች፣ የኮሪያና የዱባይ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስባቸው የሰሜን ኦንታሪዮ ነባር ሕዝቦች መንደሮች ነበሩ። ልጅቱ ለንደንን መረጠች። ከአገሩ ተሰዶ ያሳደጋትን ልጅ መልሶ በአውሮፕላን ጣቢያ የሚሸኝ አባት ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምተው።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። የኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ከሚፈለገው በላይ መምህር ሲያስመርቁ ኖረዋል። በዚያን ጊዜ ከአዲስ ተመራቂዎች ከሲሶ የሚበልጡት የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ማስተማር ሥራ ያሳልፉት ነበር፤ የታችኛው ክፍል መምህራን ደግሞ ይብሳሉ። በዚህ ላይ በሴፕቴምበር 2012 ደንብ 274 የሚባል ወጣ። ቅጥርን ከአድልዎ አጸዳለሁ ብሎ በአገልግሎት ዘመን ወረፋ አሰረው። አዲስ ተመራቂ መጀመሪያ የዕለት ተተኪ ሆኖ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ተተኪነት ለመጠየቅ ቢያንስ 10 ወር እዚያው ዝርዝር ላይ መቆየትና 20 ቀን ማስተማር አለበት። ቋሚ ሥራ የሚያስበው ከዚያ በኋላ ቢያንስ አራት ወር በረጅም ጊዜ ተተኪነት ከሠራ ነው። ያውም ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ወረፋው ላይ ከፊት ያሉት አምስቱ ናቸው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ ሥልጠናው ከሁለት ሴሚስተር ወደ አራት ከፍ አለ፤ በየዓመቱ የሚገባው ተማሪም ከ9,000 ገደማ ወደ 4,500 ወረደ። ደንብ 274 በኦክቶበር 2020 ተሻረ። ልናጽናናው የሄድነው ልጅ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ፈረንሳይኛና ሒሳብ ለማስተማር እንደሠለጠነ ሲናገር፣ በሦስት ጠረጴዛዎች ያሉት ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጡት። ፈረንሳይኛውን እንዲይዝ የመከረችው እህቱ ናት፤ በዚያ በክፉው ጊዜም ፈረንሳይኛ የሚችል እንደ ሌላው አልተቸገረም ነበርና። ሁሉም ተመራቂ እንዲህ ይሻማል ማለታችን አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ቀንም አየን።

በሦስተኛው ጠረጴዛ የነበሩት ሴትዮ ወደ ጋሼ ዘወር ብለው፣ “እርስዎም መምህር ነዎት?” አሏቸው።

“ነበርኩ” አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ ውጭ አገር የሠለጠኑ መምህራን እንዴት ፈቃድ እንደሚያወጡ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ሰጧቸው። ጋሼ አመስግነው አጠፉት።

እንደሚታወቀው የጋሼ ዘመን መምህራን ብዙ አይተዋል። በ1993 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን ተባረሩ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት በ1996 ታስረው እስከ 2002 ወህኒ ቆዩ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1997 በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ጋሼ ተራ አባል ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ከሥራቸው ሲታገዱ በናይሮቢ በኩል ወጡ።

ቶሮንቶ እንደገቡ ለኦንታሪዮ የመምህራን ኮሌጅ ለማመልከት ተነሡ። (ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የመምህርነት ፈቃድ ሰጪ ነው።) ኮሌጁ ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም በቀጥታ እንዲላክለት፣ ያስተማሩበት አገር ባለሥልጣንም ፈቃድዎ እንዳልታገደ እንዲመሰክር ይጠይቃል። እንግዲህ ያባረራቸው መንግሥት ይመስክርላቸው ማለት ነው! የተማሩበት ተቋም፣ ስሙን እንተወውና፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎለት መልስ አልሰጠም። ጋሼም የታክሲ ፈቃድ አወጡ። “ታክሲው ምስክር አልጠየቀኝም” ይላሉ ሲቀልዱ።

ምሳ ልንበላ ዳንፎርዝ ላይ ከሚገኙት የእኛ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። እዚያ ተቀምጠን ነው ስለ 2006ቱ የኦንታሪዮ ሕግ ያነሣንላቸው። ሕጉ ፈቃድ ሰጪ አካላት ሁሉ አንድ ነገር በግልጽ እንዲያስታውቁ ያስገድዳል፤ አመልካቹ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ሰነዱን ማግኘት ካልቻለ በምትኩ ምን እንደሚቀበሉ። አንቀጽ 10 ነው። ጋሼ እንጀራቸውን ትተው አዳመጡ።

“ይሄ በ2000 ቢኖር...” ብለው ጀመሩና ተዉት። ልጃቸው፣ “አባዬ፣ አሁንም ይቻላል እኮ!” አላቸው።

“እኔ 64 ዓመቴ ነው፤ ያንተን ደብተር አርምልሃለሁ” አሉት። ከዚያ በራሪ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና አንቀጽ 10 የሚለውን ከጎኑ እንድንጽፍላቸው እስክሪብቶ ሰጡን፤ ያው የጆብ ፌሩ እስክሪብቶ ነው። እሳቸው ባሉበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከደሴ የመጣ የኬሚስትሪ መምህር አለ። በ2021 ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ሰነዶቹን ጥሎ የወጣ ነው፤ አሁን ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይደረድራል።

“ከሥራ የሚመለሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው” አሉ ጋሼ። “ሳይተኛ ልድረስበት።”