ቃሉን ለጊዜው ተዉት

የጋሞን የኅብር ዘፈን ብዙ ሰው አንድ ዜማ በአንድ ላይ የሚጮኽበት አድርጎ የሚያስብ ሰው አልሰማውም። አውጪው ይጀምራል፤ ተቀባዮቹ ይከተላሉ። ተቀባዮቹ ግን በየድርሻቸው የተከፋፈሉ ናቸው። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ታቹን ይይዛል፣ ሌላው አጫጭር ድምፅ ጣል ያደርጋል፣ ሌላው ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። በመስቀላ በዓል፣ በሰርግ፣ በልቅሶና በሥራ ላይ ይዘፈናል። መሣሪያ አያስፈልገውም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጋሞ ወገን የሆነውን የዶርዜን ሕዝብ ዘፈኖች ቀርጾ በሸክላ አሳትሟል።

የኔ ችግር ከጥያቄው ጋር ነው፦ «ምንድን ነው የሚሉት?» እንግዳ ሰው ገና መዝፈን ሳይጀመር ይህን ይጠይቃል። አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ጥያቄውን እንኳ አልጠየቀም፤ ራሱ መልሶት ነበር። ዘፋኞቹ ስለ በሬ ይዘፍናሉ ብሎ በአማርኛ አብሯቸው ይዘፍን ጀመር። በሬ የሚባል ነገር በዘፈኑ ውስጥ አልነበረም።

በሬው ከየት መጣ? የአማርኛ አድማጭ በአዝማሪ ያደገ ነው። አንድ ድምፅ ግጥሙን ይሸከማል፣ ሰሚው ወርቁን ይጠብቃል። ስለዚህ ጆሮው ቃል ያሳድዳል። በጋሞ ኅብር ውስጥ ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል። ቃል አሳዳጁ ጆሮ መጀመሪያውን ከአውጪው፣ መጨረሻውን ከተቀባዩ ወስዶ ይገጣጥምና የለመደውን የአማርኛ ቃል ይሠራል። የተሳሳተው ማንም ዘፋኝ ያላለውን ሰምቶ ነው። ደግሞም ተቀባዮቹ ከሚያሰሟቸው ድምፆች ብዙዎቹ የመዝገበ ቃላት ትርጉም የላቸውም። ድምፅ ናቸው፤ ሥራቸውም ቦታቸውን መያዝ ነው። ጋሞኛ የሚችል ሰው እንኳ አይተረጉማቸውም።

ይህን የገለጹልኝ አንድ የኦቾሎ ሽማግሌ «ልጄ፣ ምን አለ አትበል፤ መጀመሪያ ማን አለ በል» ነበር ያሉኝ። ከእሳቸው ይህን መስማቴ አልገረመኝም። ከአባያ ሐይቅ በላይ ቋጥኝ ላይ የተቀመጠችው ኦቾሎ በሸንጎዋ የታወቀች ናት። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ሸንጎ ነው። ሰው በዱቡሻ፣ ማለትም በሸንጎው ቦታ፣ ተቀምጦ የተናጋሪውን ተራ መጠበቅ ከልጅነቱ ይለምዳል። ማን እንደተናገረ ያልለየ ነገሩንም አልሰማም።

እንግዲህ ቀረጻ ላላችሁ፦ አንዱን ዘፈን ደጋግሙት። መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፤ ሌላው ቢያጓጓም አትልቀቁት። ቀጥሎ አውጪውን። ከዚያ ሁለቱ የሚደራረቡበትን ቦታ ብቻ። በሬው እዚያው ላይ ይጠፋል።

ስልካቸውን አውጪው አፍ ላይ የሚደቅኑ፣ አንድ ማይክሮፎን ለአንድ ሰው ሰጥተው ሌላውን «አጃቢ» የሚሉ፣ ኅብሩን በኪቦርድ ጠፍጥፈው «ዘመናዊ አደረግነው» የሚሉ ሰዎች የዘፈኑን ሦስት አራተኛ አስቀርተውታል። ስልኩን መሀል ላይ አስቀምጡት፤ ግጥሙን ደግሞ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ዘፋኞቹን ጠይቁ። ይነግሯችኋል፤ ምናልባትም ከጠበቃችሁት በጣም ያጠረ ይሆናል።