የወጥ ቤትዎን ቁም ሳጥን በገዛ እጅዎ ያድሱ

አንባቢ ሆይ! እስቲ ይህን መጽሔት እንደያዙ ብድግ ይበሉና ወጥ ቤትዎን አንድ ጊዜ ተመልክተው ይመለሱ። ምን አዩ? ከምድጃው በላይ ያለው የቁም ሳጥን መዝጊያ በቁሌት ጢስ ቢጫ ሆኖ፥ ከላቫንዲኖው ሥር ያለው ጠርዙ ተልጦ፥ ከእጀታዎቹም አንዱ ወልቆ በቦታው ሲባጎ ታስሮበት አላገኙትምን? እንዲህ ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። የጋራ መኖሪያ ቤት የተከራየ ወይም ዕጣ የወጣለት፥ ደመወዙንም በየወሩ ለኪራይ፥ ለመጓጓዣና ለአስቤዛ ሲያከፋፍል የሚያድር ሰው ሁሉ ይህን መዝጊያ ያውቀዋል።

ምናልባትም አናጢ ጠርተው «አዲስ ብታሠሩ ይሻላል» ተብለው፥ ዋጋውን ሲሰሙ ነገሩን ለሚመጣው ዓመት አስተላልፈውት ይሆናል። ነገር ግን በማፍረስና ችሎ በመኖር መካከል ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም መቀባት ነው። ቁም ሳጥኑ ጤነኛ ከሆነ በትንሽ ገንዘብ አዲስ ሊመስል ይችላል። በገንዘቡ ፈንታ የሚከፍሉት ግን ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱን የነፈገ ሰው ገንዘቡንም ያጣል። ይህንንም የምናገረው ከራሴ ደርሶ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ስኖር እናቴ ለፋሲካ ከአገር ቤት እንደምትመጣ ሰማሁ። ወጥ ቤቱ አሳፈረኝ። ስለዚህ በስቅለት ማግሥት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጋሎን ነጭ የዘይት ቀለምና አንድ ብሩሽ ገዝቼ ገባሁ። አላጠብሁም፤ አልፈገፈግሁም፤ መዝጊያውንም ሳልፈታ እንደ ተሰቀለ ለቀለቅሁት። ሲመሽ ቁም ሳጥኑ እንደ በረዶ ነጥቶ ነበርና በራሴ ኮራሁ። በዚያው ሌሊት ዶሮው ተሠራ፤ እንፋሎቱም ወጥ ቤቱን ሞላው። በማለዳ ሰሐን ላወጣ መዝጊያውን ብስበው እንቢ አለኝ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ከጠርዙ ጋር ተጣብቋል። ጉልበት ጨምሬ ስስበው ተከፈተ፤ ነገር ግን ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ እጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሩም የጥንቱ ቅባት ቁልጭ ብሎ ታየ። እናቴ አይታ «ልጄ፥ ገላህን ሳትታጠብ ነው አዲስ ልብስ የለበስኸው» አለችኝ። ቤቱን ስለቅም አከራዬ ከመያዣው ገንዘብ ቀነሱብኝ። ፈርጀባቸው አላውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

የእናቴ ቃል የዚህ ሥራ ሁሉ ሕግ ነው። ቀለም የሚይዘው በዋጋው ውድነት ሳይሆን ከሥሩ ባለው ገላ ንጽሕና ነው።

ጠባብ ወጥ ቤትና ቀለም

ወጥ ቤትን ማሳመር ለባለጸጋ ብቻ የተፈቀደ ነገር እንዳይመስልዎ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባሉ የቪየና ተወላጅ አርክቴክት፥ የጀርመን ከተማ ፍራንክፈርት ለሚያሠራቸው አነስተኛ ቤቶች አንድ የወጥ ቤት ንድፍ አወጡ። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አያያዙት፤ የሴቲቱንም እርምጃ ቆጥረው ዕቃው ሁሉ እጅ በሚደርስበት እንዲሆን አደረጉ። ይህ ወጥ ቤት በ10,000 ያህል ቤቶች ተሠራ። ብዙዎቹም ሰማያዊ ቀለም ተቀቡ፤ ዝንብ ሰማያዊ ላይ ማረፍ አትወድም ተብሎ ይታመን ነበርና። እንግዲህ የዛሬው የጋራ መኖሪያ ቤት ጠባብ ወጥ ቤት፥ ከግድግዳ ጋር ከተያያዘው ቁም ሳጥኑ ጋር፥ የዚያ ወጥ ቤት የልጅ ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ያኔም ቢሆን ቀለሙ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለሥራ የታሰበ ነበር።

መጀመሪያ ምርመራ

ቀለም ሊገዙ ከመውጣትዎ በፊት ቁም ሳጥኑን እንደ ሐኪም ይመርምሩት። ከላቫንዲኖው ሥር ያለውን እንጨት በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። አብዛኛው የዛሬ ቁም ሳጥን የሚሠራው ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ ነው፤ ቺፕውድ ደግሞ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ተመልሶ አይጠብቅም። ጣትዎ ከሰረገ ወይም እንጨቱ እንደ ዳቦ ከፈረፈረ ቀለም አያድነውም። አስቀድመው የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያስጠግኑ፤ ከዚያም የተበላሸውን አንድ መዝጊያ ብቻ በልኩ አናጢ ያስቆርጡ። አንድ መዝጊያ ማሠራትና ሙሉ ቁም ሳጥን ማሠራት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛም ገጹን ይዩ። ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ከሆነ ቀለም በቀላሉ ይቀበላል። እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ሽፋን ካለው ግን ለሚያንሸራትት ገጽ የሚሆን የሥር ቀለም፥ ማለት ፕራይመር፥ ያስፈልገዋል። ሻጩን ይህን ለይተው ይጠይቁት።

ሦስተኛም፥ ተከራይ ከሆኑ ለባለቤቱ ይንገሩ፤ ቀለሙን ያሳዩ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ብዙ አከራይ ቤቱ ሲያምርለት ደስ ይለዋል፤ ሳይነገረው ሲቀር ግን ደስታው ቁጣ ይሆናል።

ምን ያህል ቀለም ይበቃል?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሳይለኩ በመግዛት ነው። አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ቁም ሳጥንዎ 3 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። የታችኞቹ መዝጊያዎች ቁመት 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 2.1 ካሬ ሜትር፥ የላይኞቹ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1.8 ካሬ ሜትር፥ በጠቅላላው 3.9 ይሆናል። ውስጡንና ውጭውን ሲቀቡ 7.8፤ ለጠርዝና ለጎን 2 ካሬ ሜትር ቢጨምሩበት ወደ 10 ይጠጋል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 20 ካሬ ሜትር ነውና 2 ሊትር ይበቃዎታል ማለት ነው። አንድ ጋሎን ከ3 ሊትር ተኩል በላይ ስለሚይዝ፥ በሊትር የሚሸጥ ካላገኙ ከጎረቤት ጋር ተካፍለው ይግዙ።

ከቀለሙና ከሥር ቀለሙ ሌላ የሚያስፈልግዎት ሳሙና፥ ቁጥር 120 እና ቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት፥ ጥቂት ስቱኮ፥ አንድ ጥሩ ብሩሽ፥ አንድ ትንሽ ሮለር፥ ካቻቪቴና አሮጌ ጋዜጣ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በብሩሹ ብቻ አይቆጥቡ፤ ርካሽ ብሩሽ ጠጉሩን ቀለሙ ላይ ጥሎ ያልፋል።

ሦስት ቅዳሜና እሑድ

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዕቃውን ሁሉ ያውጡ። በረሮ ካለ ይህ የማጽጃ ጊዜው ነው። መዝጊያዎቹን በካቻቪቴ ይፍቱ፤ ማጠፊያው በሚሸፍነው ሥፍራም በእርሳስ ቁጥር ይጻፉባቸው፤ አለዚያ በመጨረሻ የትኛው የት እንደ ነበረ ሲፈልጉ ቀን ይመሽብዎታል። ብሎኖቹን በአንድ ሲኒ ያጠራቅሙ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ እንደ ገና ይጠቡ። ጣትዎ ሲሄድበት ጭብጥ ጭብጥ የሚል ከሆነ ቅባቱ አልለቀቀም። ሌሊቱን ይድረቅ።

እሑድ ገጹን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። ዓላማው የቀድሞውን ቀለም መላጥ ሳይሆን፥ ብልጭታው ጠፍቶ ቀለሙ የሚጨብጠው እንዲያገኝ ነው። ቀዳዳውን በስቱኮ ይድፈኑ፤ ሲደርቅ በ220 ያለስልሱት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ገጹ ሲደርቅ የሥር ቀለሙን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ የተገላቢጦሹን ፊት በሳምንቱ መካከል እንዳመቸዎ ይጨርሱ። መዝጊያውን በአራት ቆርኪዎች ላይ አጋድመው ቢያስቀምጡት ከጋዜጣው ጋር አይጣበቅም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ፈተና አለ። የሥር ቀለሙ ካደረ በኋላ በማይታይ ሥፍራ በምላጭ ትንሽ መስቀል ይጫሩበት፤ ተለጣፊ ፕላስተር ይጫኑበትና በአንድ ጊዜ ይሳቡት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ አላጠቡም ወይም አልፈገፈጉም ማለት ነው፤ እንደ ገና ይጀምሩ። እኔ ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ ጋሎን ቀለም በተረፈኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የመዝጊያዎቹን የውስጥ ፊትና ጠርዙን፥ በሦስተኛው የውጩን ፊት ይቀቡ፤ ቅዳሜ አንድ ጊዜ፥ እሑድ አንድ ጊዜ። ሁልጊዜም ስስ ይሁን፤ ሁለት ስስ ቀለም ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ወፍራሙ ይንጠባጠባል፤ ላዩ ደርቆም ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

የጊዜውም ነገር ይታሰብበት። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ አየር እርጥብ ስለሆነ ቀለም ለመድረቅ ይዘገያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ብዙ ቀለም በወጉ አይደርቅም። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይጀምሩ እንጂ ማታ አይቀቡ። የዘይት ቀለም በማግሥቱ ለእጅ የደረቀ ቢመስልም በደንብ የሚጠነክረው በሳምንታት ነውና፥ መዝጊያዎቹን ሰቅለው እስከ አንድ ወር ድረስ በኃይል አይፈትጓቸው።

የዘይት ቀለም ጠንካራ ነው፤ በቀላሉም ይወለወላል፤ ነገር ግን ነጩ ብርሃን በሌለበት ቤት ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። በውሃ የሚቀጥነው የእንጨት ቀለም ሽታው ቀላል ነው፤ ነጭነቱንም አይለቅም። የግድግዳውን ተራ የውሃ ቀለም ግን ለቁም ሳጥን አይጠቀሙ፤ እርጥብ ጨርቅ ሲበዛበት ይለቃል።

ስለ ጤናና ስለ እሳት

ይህን ክፍል ዘለው እንዳያልፉት አደራ። ቤትዎ አሮጌ የቀበሌ ቤት ከሆነ፥ የቁም ሳጥኑ የቀድሞ ቀለም ሊድ የሚባለውን የእርሳስ ብረት የያዘ ሊሆን ይችላል። ይህ መርዝ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429፥ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባውን ግን ደንቡ ከመዝጊያው ላይ አይፍቀውም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ደረቁን አይፈግፍጉ፤ በእሳትም አያቃጥሉ። ብርጭቆ ወረቀቱንና ገጹን እያረጠቡ ይሥሩ፤ ዝቃጩን ሰብስበው ይጣሉ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት በአጠገቡ አይኑሩ። አዲስ ሲገዙም በቆርቆሮው ላይ ሊድ የሌለበት መሆኑ መጻፉን ይመልከቱ።

የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው እንፋሎት በእሳት ይያያዛል። መስኮት ይክፈቱ፤ ምድጃ አይለኩሱ፤ ሠራተኛውን ለማስደሰት ተብሎም በዚያው ክፍል የቡና ከሰል እንዳይቀጣጠል። በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተከመረ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

የትኛው ቀለም?

ጠባብና ጨለም ያለ ወጥ ቤት ነጣ ያለ ቀለም ይወዳል፤ ብርሃኑን መልሶ ይሰጣልና። ነገር ግን ባልዲና የጫማ ጫፍ የሚነካው የታችኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ላዩን ነጭ ወይም የቅቤ መልክ፥ ታቹን እንደ ጎመን ቅጠል ወይም እንደ አመድ ጠቆር ቢያደርጉት ቤቱ ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ጭረቱም ይሰወራል። ለእጀታም ገንዘብ አያውጡ። አሮጌዎቹን በሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው ይፈትጉ፤ የጎደለችውን አንዲት እጀታ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብተው ቢፈልጉ አምሳያዋን አያጡም።

እኔ በሁለተኛው ቤቴ ሦስቱን ቅዳሜና እሑድ በትዕግሥት ፈጸምሁ። እናቴ ተመልሳ ስትመጣ ሲኒ ልታወጣ መዝጊያውን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ እንደ ገና ከፈተችው። ከዚያ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ሞከረችና «አሁንስ ታጥበሃል» አለችኝ።

እርስዎም በመጪው ቅዳሜ ካቻቪቴዎንና ሳሙናዎን ይዘው ይጀምሩ። ቀለሙን ለመግዛት ገና አንድ ሳምንት ጊዜ አለዎት።