ዓላማን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ «ቱ»

በእንግሊዝኛ ድርጊቱ ለምን እንደተፈጸመ ለመግለጽ ከግሱ መነሻ ቅርጽ በፊት «ቱ» ይገባል፦ «ሺ ዌንት ቱ አዳማ ቱ ስተዲ»፣ ለመማር ወደ አዳማ ሄደች። የመጀመሪያው «ቱ» አቅጣጫን፣ ሁለተኛው ዓላማን ያሳያል።

ብዙ የአዳማ ተማሪዎች አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራሉ። «ለመማር» ሲሉ «ለ» ከፊት፣ በኦሮምኛ «በረቹፍ» ሲሉ «ፍ» ከኋላ ይለጠፋል፤ ሁለቱም ወደ «ፎር» ስለሚስቡ «ፎር ቱ ስተዲ» ማለት ይቀናል። በመደበኛ እንግሊዝኛ ግን ስሕተት ነው፤ በዚህ ቦታ «ፎር»ን የሚከተለው ስም ነው፦ «ፎር ትሪትመንት»፣ ለሕክምና።

በጥንቃቄ ሊጠና የሚገባው የሁለቱ ድርጊቶች አድራጊ ሲለያይ ነው። የሻሸመኔ አባት ልጁ እንዲማር ገንዘብ ቢልክ ላኪውና ተማሪው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ «ፎር ሂዝ ሰን ቱ ስተዲ» ትክክል ይሆናል። አድራጊው አንድ ሆኖ «እንዳይዘገይ» ለማለት ደግሞ «ሶ አዝ ኖት ቱ ቢ ሌት» ይባላል።