የዲስክ መንሸራተት ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

የወገብ ሕመም ጸንቶባቸው ኤም አር አይ ተነስተው «ዲስክዎ ተንሸራቷል» የተባሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀት ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዶቹ «ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ ሽባ እሆናለሁ» በሚል ስጋት ከሐኪም ይሸሻሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድኑ አይመስላቸውም። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው።

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኝ ትራስ መሰል አካል ነው። ዙሪያው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ለስላሳው ክፍል ወደ ውጭ ወጥቶ በአቅራቢያው ያለውን ነርቭ ይጫናል። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫና በጭን በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርደውም ለዚህ ነው።

በምስል የታየ ሁሉ በሽታ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት፣ የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤም አር አይ ተነስተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 52 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዲስካቸው ከቦታው ገፋ ብሎ ተገኝቷል። በመሆኑም ሐኪሙ ምስሉን ከታካሚው ስሜትና ከአካል ምርመራው ጋር ሳያገናዝብ ውሳኔ ላይ አይደርስም።

መቆየት ዕድል አያሳጣም

እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ወደ እግር የሚወርድ ከባድ ሕመም የነበረባቸውን 283 ታካሚዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው፣ ቀሪዎቹ ያለ ቀዶ ሕክምና እየታከሙ እንዲቆዩና ሕመሙ ካልቀነሰ ብቻ እንዲሠራላቸው ተደረገ። ቶሎ የተሠራላቸው ከሕመሙ ፈጥነው ተገላግለዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ ማገገማቸውን ተናግረዋል። እንዲቆዩ ከተደረጉት 39 በመቶዎቹ በዓመቱ ውስጥ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል።

ከዚህ የምንረዳው ቀዶ ሕክምናው እፎይታን እንደሚያፋጥን፣ ሕመሙን መቋቋም የቻለ ሰው ግን በሐኪም ክትትል ቢቆይ የመዳን ዕድሉን እንደማያጣ ነው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

• ሽንት አልወጣ ማለት፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፤
• በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ መደንዘዝ፤
• እግር እየዛለ መሄድ ወይም መዳፉን ወደ ላይ ማንሳት አለመቻል።

ነርቭ ተጭኖ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል። የወገብ ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መመርመር ይገባል።

እስከዚያው ምን ያድርጉ?

ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያዳክማልና አቅም በፈቀደ መጠን ይንቀሳቀሱ። ከባድ ዕቃ አያንሱ። የሕመም ማስታገሻ በሐኪም ትዕዛዝ ይውሰዱ፤ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዎን አያቋርጡ። ወገብዎን በኃይል ለሚጫንና ለሚጠመዝዝ ወጌሻ አይስጡ።

ቀዶ ሕክምና ከታዘዘልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ምስሉ ከሕመሜ ጋር ይገጥማል? ብቆይ ምን ይደርስብኛል? ብሠራስ የትኛው ሕመም ይቀንስልኛል? መልሱን ከሰሙ በኋላ የሚወስኑት ውሳኔ በፍርሃት ወይም በጥድፊያ ከሚወስኑት ይሻላል።