የቮልስዋገን አየር ማጣሪያ

በአሮጌው ቮልስዋገን የአየር ማጣሪያ ውስጥ ያለው ወረቀት ሳይሆን ዘይት ነው። ወደ ሞተሩ የሚሳበው አየር ከዘይቱ በላይ በድንገት ሲታጠፍ፥ ከባዱ አቧራ መታጠፍ ተስኖት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ደቃቁን ደግሞ በዘይት የራሰው መረብ ይይዘዋል። ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ግን አቧራው አልፎ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን እንደ ሞረድ ይበላል። ሞተር ማሳደስ ደግሞ በተማሪ ኪስ የሚሞከር አይደለም።

እንግዲህ ከጭቃው በላይ የቀረው ቀጭን ዘይት 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ማጣሪያውን ሳናጋድል እናወርዳለን። የታችኛውን ሳሕን ጠርገን በነጭ ጋዝ እናጥባለን፤ የላይኛው ክፍል መታጠብ አያሻውም፤ አፉን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚያም የሞተር ዘይት እስከ ቀዩ ምልክት እንሞላለን። «ለጥንቃቄ» እያለ የሚጨምር ሰው ሞተሩን ዘይት ያጠጣዋል፤ ጭሱም ያጋልጠዋል። በበጋ በጥርጊያ መንገድ የሚነዳ በየዕለቱ ከፍቶ ይመልከት።