ማሽን በሌለበት የጎማን ሚዛን ስለ መጠበቅ

ባለፈው ክረምት ከፕሮጀክት ሞተር ሳይክሎቻችን የአንዱን የፊት ጎማ በአንዲት የገጠር ከተማ አስቀየርን። ሞተር ሳይክሉ አስፋልት ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው በነጂው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኩሽኔታው ነው ብለን አስቀየርነው፤ ለውጥ አልመጣም። የጎደለው ከ30 ግራም የማይበልጥ እርሳስ እንደ ነበረ የተረዳነው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የምናቀርበው እኛ ያለ አግባብ የከፈልነውን ሌላው እንዳይከፍል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጂው ለአደጋ እንዳይጋለጥ ነው።

ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካላማደሪያና ቫልቮላ ሲገጣጠሙ ክብደታቸው በዙሪያው እኩል አይከፋፈልም። ጎማው ቆሞ ሳለ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ሲሽከረከር ግን ከባዱ ወገን ዘንጉን ወደ ራሱ ይጎትታል። ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ በ18 ኢንች የሞተር ሳይክል ቸርኬ ጠርዝ ላይ ያለ የ30 ግራም ብልጫ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ጉተታው አንድ ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በ80 ኪሎ ሜትር ግን ወደ 4 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ያውም በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል እየዞረ። ኩሽኔታውንና አሞርዛተሩን ያለ ጊዜው የሚያስረጀው፣ ጎማውንም በቦታ በቦታ የሚበላው ይኸው ነው።

ሆኖም መንቀጥቀጥ ሁሉ የክብደት ችግር አይደለም። በዝግታ ሲኬድም የሚሰማ ከሆነ የተጣመመ ቸርኬ፣ ያበጠ ጎማ ወይም የላላ ራጂ መፈለግ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የመረሬ ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጋግሮ ይደርቃል፤ ይህ ብቻውን ሚዛኑን ያፋልሳል። ውሃና የእንጨት መፋቂያ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጎማው ይታጠብ።

ለመኪና ጎማ፣ በተለይም ለፊቱ፣ ከማሽን የተሻለ የለም። የመኪና ጎማ ሰፊ ስለሆነ በውስጥና በውጭ ጠርዙ መካከል ያለው ልዩነት በሚሽከረከርበት ጊዜ ብቻ ይታወቃል፤ ማሽኑም ለእያንዳንዱ ጠርዝ የሚያስፈልገውን ክብደት ለይቶ ያሳያል። ማሽን በሌለበት፣ ጎማውን በሾጣጣ ማቆሚያ ላይ አጋድሞ በውሃ ልክ አረፋ የሚመዝን ቀላል መሣሪያ አለ። እርሱ የሚያሳየው አጠቃላይ ብልጫውን ብቻ ስለሆነ ክብደቱን ለሁለቱ ጠርዞች እኩል ማካፈል የተለመደ ነው። ወደ ከተማ እስኪኬድ ድረስ ያገለግላል።

የሞተር ሳይክል ጎማ ግን ጠባብ ነውና በራሱ ዘንግ መመዘን ይበቃዋል። ጎማው ይፈታል፤ ታምቡር ፍሬን ካለው የፍሬኑ ሽፋን ከነሸራው ይወጣል፤ የኋላ ከሆነ ሰንሰለቱ አብሮ እንዳይመጣ ጥንቃቄ ይደረጋል። ከዚያም ዘንጉ ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት ማቆሚያዎች ላይ ይጋደማል፤ እኛ ሁለት አግዳሚ ወንበሮችን ተጠቅመናል። ጎማው በቀስታ ተገፍቶ ራሱ እስኪቆም ይጠበቃል። ከባዱ ወገን ወደ ታች ይወርዳል፤ በላይ የቀረው ቀላሉ ወገን በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ያሳስታል፤ የደረቀ ቅባት ያለበት ኩሽኔታ ጎማውን በማይገባው ስፍራ ሊያቆመው ይችላልና ሦስት አራት ጊዜ ይደገም። ቀጥሎ በምልክቱ ላይ 5 ግራም፣ ካልበቃም ሌላ 5 ግራም በፕላስተር ይለጠፋል። ጎማው በየትኛውም አቅጣጫ ሲተዉት ሳይዞር ባለበት ከቆመ ሚዛኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ራጂ ላለው ቸርኬ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን የስታኞ ሽቦ በቀላሉ ወገን ባለው ራጂ ላይ አጥብቆ መጠቅለል ይቻላል።

ወጪውን ከመነሻው ለመቀነስም መንገድ አለ። በአንዳንድ አዳዲስ ጎማዎች ጎን ላይ ያለው ቢጫ ነጥብ የጎማውን ቀላል ወገን ያመለክታል፤ ጎሚስታው ነጥቡን ከቫልቮላው አንጻር አድርጎ እንዲገጥመው መጠየቅ ነው።

በጎማ ውስጥ የሚጨመሩ የመስታወት ወይም የሸክላ ጥቃቅን ፍሬዎችም ይሸጣሉ። በአሜሪካ የጎልፍ ኳስ በከባድ መኪና ጎማ ውስጥ የሚጨምሩ ሾፌሮች አሉ ቢባል አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ጎማው በራሱ የክብደት ማእከል ዙሪያ መዞር ይሻል፤ ያን ጊዜ ቀላሉ ወገን ከመዞሪያው ስለሚርቅ ፍሬዎቹ ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ከወሰኑ በታች ግን ወደ ከባዱ ወገን ሄደው ችግሩን ሊያብሱ ይችላሉ። እርጥበት ካገኛቸው ይጣበቃሉ፤ ቫልቮላ ይደፍናሉ፤ ጎማው በተከፈተ ቁጥርም ይፈሳሉ። ረጅም አስፋልት ለሚጓዝ ከባድ መኪና ይጠቅሙ ይሆናል፤ በኮረኮንችና በጭቃ ለሚውል የአጥቢያ ሞተር ሳይክል ግን ገንዘብ እንዲወጣባቸው አንመክርም። ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሚዛንም ይጠብቃል እየተባለ ስለሚሸጠው ፈሳሽ ያለን አስተያየትም ከዚህ አይለይም፤ ሞተር ሳይክሉ ለቀናት ሲቆም ፈሳሹ ከታች ይከማቻል፤ የደረቀ እንደ ሆነ ደግሞ ራሱ አዲስ ብልጫ ይሆናል።

ስለ እርሳስ አንድ ማሳሰቢያ አለን። እርሳስ መርዛማ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ጎማ ላይ እንዳይውል ከልክሏል። ከዚንክ ወይም ከብረት የተሠራ ከተገኘ ይመረጥ፤ ካልተገኘም የነካው ሰው ሳይታጠብ እንዳይመገብ፣ ቁርጥራጩም ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ እንዳይጣል። የሚለጠፍ ክብደት ሲሆን ቸርኬው በቤንዚን ተጠርጎ በሚገባ ይድረቅ፤ ከተለጠፈም በኋላ አንድ ሌሊት ሳይነዳ ይደር። በጥድፊያ የተለጠፈውን የመጀመሪያው ወንዝ ወስዶብናል።