ስሙ «ታጅ ማሃል»፣ አገሩ ብራዚል፦ ኳርትዛይትን ከአስመሳዩ እንዴት ትለያላችሁ?

የኪችን ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ «ታጅ ማሃል» የሚባለው ድንጋይ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። መልኩ ክሬም ነው፣ ወርቃማ መስመር እንደ ጭስ ያልፍበታል። ብዙ ሰው የህንድ ይመስለዋል፤ የሚወጣው ግን ከብራዚል ነው። የህንዱ ታጅ ማሃል ራሱ የለበሰው እምነ በረድ ነው። ስሙ የገበያ ስም ነው በቃ።

ድንጋዩ ኳርትዛይት ይባላል። መነሻው አሸዋ ነው። አሸዋው ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሆነ፣ ከዚያ መሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት እንደገና ሲበስል ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። ንጹሑ ነጭ ነው፤ ወርቃማውንና ቀዩን ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የብረት ዝገት ነው።

ጥንካሬውስ? ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ መለኪያ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን 7 ላይ ነው፣ የእምነ በረድ ካልሳይት ግን 3 ላይ። ለዚህ ነው ቢላ በቀላሉ የማይጭረው። ሎሚም አይበላውም።

ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። «ኳርትዝ» ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ ሌላ ነገር ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የተፈጨ ድንጋይ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ስለሆነ ትኩስ ድስት ሊያበላሸው ይችላል። ሌላው ደግሞ «ለስላሳ ኳርትዛይት» የሚሉት ነው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ እምነ በረድ ነው። ለስላሳ ኳርትዛይት የሚባል ነገር የለም!

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቁራጭ ጠይቁ። ሹል ጠርዙን አሮጌ ጠርሙስ ላይ ጫን አድርጋችሁ ጎትቱ። እውነተኛ ኳርትዛይት ጠርሙሱን ይጭረዋል፣ እምነ በረድ አይችልም። ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥረጉት፤ ቦታው ከደበዘዘ ኳርትዛይት አይደለም። (ቁራጩ ላይ እንጂ የሰውዬው ሙሉ ሰሌዳ ላይ እንዳትሞክሩት።)

እንከንም አለው። ዘይትና ቡና ሊመጥ ስለሚችል በየጊዜው ሲለር ይቀባል። ጠንካራ ስለሆነም ለመቁረጥ ያስቸግራል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ቪዲዮዎቹ የማያሳዩት ግን ብናኙን ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን በሽታ ያመጣል። አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት የፋብሪካውን ሰሌዳ ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ከልክላለች። የተፈጥሮው ኳርትዛይት እገዳው ውስጥ ባይገባም ብናኙ ያው ሲሊካ ነው። ቤታችሁ የሚገጥም ሠራተኛ ካለ በደረቁ እንዳይቆርጥ፣ ውሃ እያፈሰሰ እንዲቆርጥ ንገሩት። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ብናኙን አያስቆመውም፤ ለብናኝ የተሠራ ማስክ ያስፈልገዋል።